ቡና የሚሸጥበት ቡና ቤት

«ዮኮሃማ ካይዳሺ ኪኮ» ጃፓናዊው ሂቶሺ አሺናኖ ጽፎ የሣለው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) ነው። ርእሱ በአማርኛ «የዮኮሃማ ገበያ ጉዞ ማስታወሻ» እንደማለት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2006 ኮዳንሻ በሚያሳትመው «አፍተርኑን» በተባለ ወርኃዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጥቶ በ14 ጥራዞች ተጠቃለለ። በ2007 የጃፓን የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ወዳጆች በድምፅ የሚሰጡትን የሴይዩን ሽልማት በኮሚክ ዘርፍ አገኘ። እንዲህም ሆኖ «አኪራ»ን የመሰለ ዝነኛ ማንጋ ከዳር እስከ ዳር የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሥራ ሰምቶት እንኳ ላያውቅ ይችላል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ አልፋ ሃትሱሴኖ ሮቦት ናት። አትዋጋም፤ ዓለምንም አታድንም። ባሕር ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ቤት ቡና ታፈላለች፤ ገበያ የምትወጣውም ያለቀባትን የቡና ፍሬ ለመግዛት ነው።

ከዚህ ሥራ ጀርባ ሁለት ታሪኮች አሉ። አንደኛው የቡና ነው፤ ሁለተኛው በሥዕል የሚተረክ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። የቡናውን ክር ይዞ ወደኋላ የሚስብ ሰው ከዮኮሃማ ወደብ ተነሥቶ የጌዴኦ ኮረብታዎች ላይ ይደርሳል።

የአካባቢው ከተማ ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በቀድሞው አከፋፈል በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የደራሳ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ አካባቢው የሚጠራው ሕዝቡ ራሱን በሚጠራበት ስም፣ ጌዴኦ ተብሎ ነው። ከተማዋን ያሳደጋት ቡና ነው። ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌ፣ ከጨለለቅቱና ከገደብ የሚወርደው ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው በዲላ በኩል በመሆኑ፣ የነጋዴው መጋዘን፣ የጭነት መኪናው ማቆሚያና የቡና ለቃሚ ሴቶች ሥራ እዚያው ተሰባሰቡ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበረች የቡና ከተማ መልክ ይኸው ነበር፤ በመኸር ወራት ገንዘብ ይፈስሳል፣ በክረምት ዱቤ ይከማቻል።

የጌዴኦ ማሳ ለእንግዳ ዓይን ደን ይመስላል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ይዘረጋሉ፤ ከሥራቸው እንሰት ሰፊ ቅጠሉን ይከፍታል፤ በእንሰቱ መካከል ቡናው ይቆማል፤ ከመሬቱ አጠገብ ደግሞ ጎመንና ጎደሬ ይበቅላል። ባለቤቱ እያንዳንዱን ዛፍ ለምን እንዳቆየው ያውቃል። እንሰቱ ጓዳ ነው፣ ቡናው ኪስ። ይህ አስተራረስ ዳገታማውን መሬት ከመሸርሸር ጠብቆ በአገሪቱ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖረው ሕዝብ አንዱን ሲመግብ ቆይቷል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከደኑና ከማሳው ጋር የጥንት ትክል ድንጋዮችንም አብሮ ነው የመዘገበው። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ ላይ የቆሙት ድንጋዮች ሠሪዎቻቸው በጽሑፍ ያልተዉትን ነገር በቅርጽ ትተዋል፤ አንዳንዶቹ ላይ የሰው ፊትና አካል ተቀርጿል። ከዲላ ብዙም ሳይርቅ ሸጴ ላይ ደግሞ በገደል ግድግዳ ላይ ተከታትለው የሚሄዱ የከብት ምስሎች ተፈልፍለዋል። ታሪክን በተከታታይ ምስል ማየት ለዚህ አገር አዲስ እንዳልሆነ ማስረጃ ካስፈለገ ይህ አንዱ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን በስም ይለያል። ኩሩሜ፣ ደጋና ወሊሾ የሚባሉት የአካባቢው ዘሮች በፍሬያቸው መጠንና በቅጠላቸው ይታወቃሉ፤ ኩሩሜ ደቃቅ ነው፣ ወሊሾ ትልልቅ ፍሬ ይሰጣል። ገበያው ግን ለረጅም ጊዜ እነዚህን ስሞች አልጠየቀም። ከደቡብ የሚወጣው ቡና በጅምላ «ሲዳሞ» ተብሎ ተሸጠ።

ቡናውን የሚያለማው ሰውም ቢሆን ለረጅም ጊዜ የመሬቱ ባለቤት አልነበረም። በባለርስትና በጭሰኛ መካከል የነበረው ቅራኔ በ1952 ዓ.ም. በጌዴኦ ወደ ግልጽ አመፅ አደገ፤ ሚጪሌ ላይ በተደረገው ግጭት ጦርና ቆንጨራ የያዘ ገበሬ ጠመንጃ ከያዘ ኃይል ጋር ተጋጥሞ ተሸነፈ። የጭሰኝነት ሥርዓት የቀረው ከ15 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በጃፓን ቡና ቤቶች «ሞካ» እየተባለ የሚቀዳው ቡና ይህን ሁሉ ዘመን ሳያቋርጥ ይጓዝ ነበር።

የይርጋጨፌን ስም ከሲዳሞ ለይቶ ያወጣው ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእጥበት ዘዴ በአካባቢው መስፋፋት ጀመረ። ከዚያ በፊት ቡናው ከነቅርፊቱ ደርቆ ጀንፈል ሆኖ ይሸጥ ነበር። በእጥበቱ ዘዴ ግን ቀይ እሸቱ በተለቀመበት ቀን ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይደርሳል፤ በመፈልፈያ ማሽን ቅርፊቱ ይገፈፋል፤ ልጋጉ እንዲለቅ ገንዳ ውስጥ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሦስት ቀን ይብላላል፤ ቀጥሎ በቦይ በሚወርድ ውኃ እየታሸ ይታጠብና ስስ ገለባውን እንደለበሰ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶች አልጋውን ከበው ተበላሽቶ የታየውን ፍሬ እያነሡ ይጥላሉ። የቀትር ፀሐይ ሲበረታ ይሸፈናል፣ ማታም ይሸፈናል። ከዚህ ሁሉ ድካም የሚወጣው ቡና የአበባና የሎሚ ጠረን ያለው፣ ቀለል ያለ ነው፤ ጥቁርና ከባድ ቡና ለለመደ ሰው መጀመሪያ ሻይ ሊመስለው ይችላል።

ስሙ ዋጋ ማውጣት ሲጀምር የስሙ ባለቤትነት ጥያቄ ሆነ። የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ2002 ተቋቁሞ የአባላቱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ጀመረ። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በተለያዩ አገሮች አመለከተ። ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ክርክር በ2007 በስምምነት ሲቋጭ በዓለም ዜና ሆነ። የጃፓኑ ክርክር ግን ብዙ አልተወራለትም። የጃፓን ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ስሞቹ የአካባቢ ስሞች እንጂ ምልክት አይደሉም ብሎ ምዝገባው እንዲሰረዝ ጠየቀ፤ የፓተንት መሥሪያ ቤቱም ተስማማ፤ በ2010 ግን የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ በከፊል ሻረው። በመካከሉ፣ በ2008፣ ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝቻለሁ ብላ ቁጥጥሯን ስታጠብቅ ወደዚያ የሚላከው መጠን ወደቀ። ጥርጣሬው ካረፈባቸው ነገሮች አንዱ ቡናው የሚያዝበት ጆንያ ነበር። ጃፓን ከጀርመን፣ ከሳዑዲ ዓረቢያና ከአሜሪካ ጋር ከዋነኞቹ ገዢዎች ተርታ በመሆኗ ዱላው እስከ ዲላ መጋዘኖች ተሰማ።

በሁለቱ አገሮች መካከል ከቡናው የቀደመ ትውውቅም አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ነገሥታቷን ጠብቃ በኢንዱስትሪ የዘመነች የምሥራቅ አገር ለዘመኑ የኢትዮጵያ ምሁራን የወደፊቱን ጊዜ ማሳያ ነበረች፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥትም የጃፓንን የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጓል። በሌላ አነጋገር፣ ጃፓንን እንደ መጪው ዘመን ማንበብ በአማርኛ የተጀመረው ማንጋ ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1956 ቶኪዮን ጎበኙ፤ አበበ ቢቂላ በ1964 እዚያው ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ።

ጃፓን ቡናን ያወቀችው ናጋሳኪ ደጂማ ላይ በነበሩ የሆላንድ ነጋዴዎች በኩል ነው። ዮኮሃማ እ.ኤ.አ. በ1859 ለውጭ ንግድ ተከፍታ የአዲሱ ዘመን በር ሆነች። ሚያዝያ 1888 ቶኪዮ ኡዬኖ ውስጥ «ካሂ ቻካን» የተባለው ቤት ተከፈተ። ጋዜጣ የሚነበብበት፣ ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ ቢሊያርድ የሚጫወቱበት ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ቴይ ኤይኬይ ሐሳቡ ከዘመኑ ስለቀደመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰረ። በ1911 ጊንዛ ላይ የተከፈተው «ካፌ ፓውሊስታ» ግን ቀናው። መሥራቹ ሪዮ ሚዙኖ ጃፓናውያን ስደተኞችን ወደ ብራዚል በማጓጓዝ ይታወቅ ነበር፤ የሳኦ ፓውሎ መንግሥትም ቡናውን ለማስለመድ ፍሬ በነጻ ሰጠው። ቡናው ርካሽ ስለነበር ተማሪና ጸሐፊ ሳይቀር ገብቶ ይጠጣ ጀመር።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያስፈግግ ነው። በ1920ዎቹ «ካፌ» የሚለው ቃል በጃፓን እየዋለ እያደረ መጠጥና አስተናጋጅ ሴቶች ያሉበትን ቤት መጥሪያ ሆነ። ቡና ብቻ የሚሸጡት ቤቶች ራሳቸውን ለመለየት «ኪሳተን» በሚለው ስም ጸኑ፤ «ንጹሕ» የሚል ቅጽል የጨመሩም ነበሩ። የቃሉ ፍቺ ግን «ሻይ መጠጫ ቤት» ነው። ቡና የሚሸጠው የሻይ ስም ባለው ቤት ሆነ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ «ቡና ቤት» የሚል ታፔላ የሰቀለ ቤት ገብቶ ቡና የሚጠይቅ ሰው መንገደኛ መሆኑ ይታወቅበታል፤ እዚያ የሚሸጠው ቢራ ነው፤ ቡና የፈለገ ወደ ካፌ ወይም ጀበና ወደተጣደበት ጥግ ይሄዳል። ሁለት ሕዝቦች ሳይመካከሩ ቡናን ከገዛ ቤቱ አስወጥተው ሌላ ቤት ሠርተውለታል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወደ ጃፓን የሚገባው ቡና ተቋረጠ፤ በ1950 እንደገና ተጀመረ፤ በ1960 የጥሬ ቡና ገበያ ነጻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት የኪሳተን ወርቃማ ዘመን ናቸው። ባለቤቱ ራሱ ቆልቶ፣ ራሱ ፈጭቶ፣ በጨርቅ ማጥለያ ጠብ እያደረገ አንድ ስኒ ብቻ ለማፍላት ብዙ ደቂቃ የሚቆምባቸው ቤቶች ተበራከቱ። ኢቺሮ ሴኪጉቺ በ1948 የከፈተው የጊንዛው «ካፌ ደ ላምብር» የዚህ ጥበብ ምልክት ሆነ፤ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2018 በ103 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ስሙ ከቤቱ ጋር ተቆራኝቶ ኖረ። በእነዚህ ቤቶች የዋጋ ሰሌዳ ላይ የየመንና የኢትዮጵያ ቡና «ሞካ» በሚል የወደብ ስም ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬም የይርጋጨፌ ቡና በጃፓን «ሞካ ኢሩጋቼፌ» ተብሎ ሲሸጥ ይገኛል። ዩሲሲ የተባለው ኩባንያ በ1969 በጣሳ የታሸገ ቡና ከወተት ጋር ገበያ ላይ ሲያወጣ ግን ሌላ ዘመን መጣ። ያው ኩባንያ በ1997 «ኢቫንጌሊዮን» የተባለውን የአኒሜ ሥራ ገጸ ባሕርያት ጣሳው ላይ አትሞ ሸጧል። በ1980 የተጀመረው «ዱቱር» ደግሞ ቆሞ የሚጠጣ ፈጣን ቡና አስለመደ። ኪሳተን ቀስ በቀስ መዘጋት ጀመረ። የአሺናኖ ማንጋ የወጣው ያ ዓይነቱ ቤት ናፍቆት መሆን በጀመረበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ አጠር ያለ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ማንጋን ዛሬ ወደሚታወቅበት መልክ ያመጣው ኦሳሙ ቴዙካ ሮቦት የሆነውን ልጅ የ«አቶም»ን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1952 ሲጀምር ሮቦት የቴክኖሎጂ ተስፋ ነበር። በ1970ዎቹ ሞቶ ሃጊዮና ኬይኮ ታኬሚያ የመሳሰሉ ሴት ሠዓሊዎች ሳይንሳዊ ልብ ወለድን ወደ ሰው ውስጣዊ ስሜት መለሱት። የካትሱሂሮ ኦቶሞ «አኪራ» በ1982፣ የማሳሙኔ ሺሮ «ጎስት ኢን ዘ ሼል» በ1989 ተጀምረው ከተማንና ማሽንን፣ ፍንዳታንና ፖሊስን ወደፊት አመጡ። ወደ ምዕራቡ ዓለም ቀድመው የተሻገሩት እነዚህ በመሆናቸው የጃፓን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ማለት በኒዮን መብራት ሥር የሚሮጥ ሞተር ብስክሌት ነው የሚል ግምት ሥር ሰደደ። አልፋም በስኩተር ትሄዳለች፤ ግን በዝግታ፣ ሣር የዋጠው አስፋልት ላይ፣ የቡና ፍሬ ልትገዛ።

አሺናኖ እ.ኤ.አ. በ1963 የተወለደው ከዮኮሃማ ወደ ደቡብ በምትገኘው የባሕር ኃይል ከተማ ዮኮሱካ ነው፤ ታሪኩም የሚፈጸመው በዚያው በሚዩራ ልሳነ ምድር ላይ ነው። ዘመኑ አልተነገረም። ባሕሩ ከፍ ብሏል፤ የባሕር ዳርቻዎቹ ከተሞች ሰጥመዋል፤ ሰው ቁጥሩ አንሷል። ምን እንደተፈጠረ የሚገልጽ ምዕራፍ የለም። በአንድ ትዕይንት ሌሊት ላይ ውኃ ውስጥ የሰጠመ ከተማ የመንገድ መብራቶች አሁንም ሲበሩ ከላይ ይታያሉ። መደናገጥ ግን የለም። የዘመኑ ሰዎች ጊዜያቸውን ነፋስ ከቆመበት የአመሻሽ ሰዓት ጋር ያመሳስሉታል።

የቤቱ ባለቤት ቤቱን ለአልፋ ትተውላት ሄደዋል፤ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። እርሷ በር ትከፍታለች፣ ወለል ትጠርጋለች፣ ቡና ታፈላለች፣ እንግዳ ትጠብቃለች። እንግዳ የማይመጣበት ቀን ይበዛል። ከሚመጡት መካከል የነዳጅ ማደያው አዛውንት፣ ትንሹ ታካሂሮ፣ ሐኪሟ አሮጊትና ዕቃ አመላላሿ ሮቦት ኮኮኔ አሉ። አንድ ቀን ኮኮኔ ከባለቤቱ የተላከ ካሜራ ይዛላት ትመጣለች፤ ከዚያ በኋላ አልፋ ምን ፎቶ ማንሣት እንዳለባት ስታስብ ቀኑ የሚያልቅባቸው ምዕራፎች አሉ። ፎቶ ሳታነሣ ትመለሳለች። የታሪኩ ድርጊት ይኸው ነው።

በሰማይ ላይ የማያርፍ ግዙፍ አውሮፕላን ይዞራል፤ ውስጡም ሌላ አልፋ አለች። ሰው የሚመስሉ ነጫጭ ዕፅዋት ከመሬት ይወጣሉ። ባሕሩ አጠገብ ልብስ የሌላት፣ የማታረጅ ፍጡር ለልጆች ብቻ ትታያለች። ሌላ ደራሲ ከእነዚህ ከአንዱ ብቻ ሦስት ጥራዝ የምርመራ ታሪክ ባወጣ ነበር። አሺናኖ ያሳያቸውና ያልፋል። ይህ ዝምታ ለሥራው ችላ መባል አንዱ ምክንያት ነው፤ መልስ ፈልጎ የሚያነብ ሰው በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መጽሐፉን ያስቀምጠዋል። ይሁንና የሥራው ጥንካሬም ያው ዝምታ ነው። በማንጋ ገጽ ላይ ጊዜ የሚለካው በክፈፎች ቁጥርና ስፋት ሲሆን አሺናኖ ንግግር የሌለባቸውን ክፈፎች ደርድሮ አንባቢውን ከአልፋ ጋር ያስቀምጠዋል፤ ውኃው ሲፈላ፣ ደመናው ሲያልፍ፣ የስኒው እንፋሎት ሲሳሳ።

ዓመታቱ በማይሰማ ሁኔታ ይሄዳሉ። ታካሂሮ ጉርምስና ላይ ይደርሳል፤ ቀጥሎ ለሥራ ከአካባቢው ይወጣል። ከእርሱ ታናሽ የሆነችው ማኪም ታድጋለች። አልፋ አትለወጥም። በመካከሉ ዐውሎ ነፋስ ቤቷን አፍርሶባት መንገድ ትወጣለች፤ ተመልሳ ቤቱን ታቆመዋለች፤ ቡናውንም ትጥዳለች። ሮቦት የማትሞት መሆኗ በዚህ ሥራ ውስጥ ኃይል ሆኖ አይታይም። ሁሉም ሲሄድ የምትቀር አስተናጋጅ ናት፤ ሐዘኑም ደስታውም ከዚያ ይመነጫል።

የኢትዮጵያ አንባቢ፣ በተለይም ቡና ባደገበት አገር ያደገ፣ ለዚህ ሥራ ቁልፍ ይዞ ይመጣል። ጀበና ተጥዶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ የሚቀዳበት ሥርዓት በመሠረቱ የመቆያ ሥርዓት ነው። ቡናው እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥ፣ እስኪንተከተክ ጎረቤት ይጠራል፤ የተጠራው እስኪመጣ ይጠበቃል፤ በረካው ሳይደርስ የሚነሣ ሰው «ምን አስቸኮለህ?» ይባላል። ብቻውን ቡና የሚያፈላ ሰው በሰፈሩ ሐሜት አያጣም። አልፋ ለማንም ሳትሆን አንድ ስኒ ቀድታ ባዶውን ወንበር ስታይ፣ ምዕራባዊው አንባቢ ዕረፍት ወይም ሰላም የሚያይበት ቦታ ላይ የዲላ አንባቢ ያልመጡ ጎረቤቶችን ሊያይ ይችላል። ሥራው በጃፓን «ኢያሺኬይ»፣ ልብን የሚያሳርፍ፣ ከሚባለው ዘውግ ይመደባል። ምድቡ ትክክል ቢሆንም ግማሹን ነው የሚናገረው፤ በዚህች ቤት ውስጥ ከእያንዳንዱ ስኒ ጋር የሚቀመጥ አንድ የጎደለ ሰው አለ።

ሌላም የሚያገናኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ ቡና አብቃይ አካባቢዎች ላይ የወጣ ጥናት የአየር ንብረት ለውጡ ካልተገታና ቡናው ወደ ከፍተኛ ቦታዎች ካልተሸጋገረ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። የአሺናኖ የሰጠመ ባሕር ዳርቻና ይህ ግምት የአንድ ዘመን ሁለት ገጽታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ማንጋው ሲጀመር የባሕር ከፍታ መጨመር እንደ ምናብ ማስጌጫ ይነበብ ነበር፤ አሁን የሚያነብ ሰው አልፋ ገዝታ የምትመለሰው አንድ ከረጢት የቡና ፍሬ ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነ ሳያስብ አያልፍም። በጌዴኦ የጥላ ዛፍ ሥር ያለው ቡና ሙቀቱን በተወሰነ ደረጃ መቋቋሙ የማሳውን አሠራር ከቅርስነት ያለፈ ዋጋ ሰጥቶታል።

ሥራው ለረጅም ጊዜ ከጃፓን ውጭ በሰፊው ያልታወቀበት ሌላው ምክንያት የኅትመት ነው። ከ1998 ጀምሮ አራት አጫጭር የአኒሜ ክፍሎች ተሠርተውለታል፤ እነርሱም ለቴሌቪዥን ሳይሆን በቪዲዮ ለሽያጭ የወጡ በመሆናቸው ሰፊ ተመልካች አላገኙም። የእንግሊዝኛ ፈቃድ ያለው ትርጉም ተከታታዩ ካለቀ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ በሰቨን ሲስ አሳታሚነት መውጣት ጀምሮ በአምስት ወፋፍራም ጥራዞች ተሟላ። እስከዚያ ድረስ የእንግሊዝኛ አንባቢ ያገኘው ወዳጆቹ በራሳቸው ተርጉመው እየተቀባበሉት ነው።

በአማርኛ የታተመ ትርጉም ቢወጣለት ባዕድ ቅርጽ አይሆንም ነበር። የንግሥት ሳባን ታሪክ በጨርቅ ላይ በረድፍ በተከፋፈሉ ክፈፎች፣ ብዙውን ጊዜ በ44፣ እየሣሉ ከሥሩ አጭር አማርኛ መጻፍ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች የቆየ ልማድ ነው። ኢታን ኮሚክስ የብስራት ደበበን «ጀምበር» እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ ሥራ ፈላጊ የአዲስ አበባ ወጣትን ልዕለ ኃይል አልብሶ ነበር፤ ከዚያም «ሐዊ» ተከተለች። እነዚህ የአሜሪካን የጀግና ኮሚክ መንገድ መርጠዋል። የአሺናኖ መንገድ፣ ማለትም መጪውን ዘመን በአንድ የቡና ስኒ ልክ የመሣል መንገድ፣ በአገሪቱ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ገና ክፍት ነው።

ሥራውን ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ጥራዝ በቂ መፈተኛ ነው። በጃፓናዊውም በእንግሊዝኛውም እትም ገጾቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባሉ፤ ክፈፎቹም እንዲሁ። ምዕራፎቹ አጫጭር በመሆናቸው በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል፤ የተጻፉት ግን በወር አንድ ሆነው እንዲወጡ ነው፤ አንድ ምዕራፍ አንብቦ መጽሐፉን ማጠፍ ከአሠራሩ ጋር ይስማማል። አሺናኖ ከዚህ በኋላ በግዙፍ ዓለም ውስጥ በትንሽ አውሮፕላን ስለሚበር ወጣት «ካቡ ኖ ኢሳኪ»ን፣ ቀጥሎም «ኮቶኖባ ድራይቭ»ን ሠርቷል። ሁለቱም በዚያው «አፍተርኑን» መጽሔት ላይ ወጥተዋል።